ከአንድ ጣቢያ እስከ ብዙ ዲሽ፦ የመንግሥት ቴሌቪዥን ፖሊሲ በኢትዮጵያ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን የመንግሥት ቴሌቪዥን ፖሊሲ ነው፤ በተለይም የግልና የውጭ ጣቢያዎች በየቤቱ በሚታዩበት ዘመን መንግሥት በራሱ ጣቢያና በሌሎች ጣቢያዎች ረገድ የተከተለው መንገድ ምን እንደሚመስል እንመለከታለን። ዓመታቱን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ውይይት ሲከፈት ዘወትር የሚሰማ አንድ ትረካ አለ። በትረካው መሠረት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለረጅም ዘመን ያለ ተፎካካሪ ኖረ፤ በኋላ ዲሽ መጣ፣ የግል ጣቢያዎች በዙ፣ ተመልካቹም ሸሸ። ስለሆነም የመንግሥት ጣቢያ ችግር የውድድር ችግር ነው ይባላል፤ መፍትሔውም ወይ ተፎካካሪውን መገደብ፣ ወይ የራስን ስቱዲዮ ማዘመን ይሆናል። ይህ ትረካ ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይዟል። ሰነዶቹንና ድርጊቶቹን በቅደም ተከተል ስንመለከት የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። ሦስት መንግሥታት በተፈራረቁባቸው ስድሳ ዓመታት ውስጥ ፖሊሲው አጥብቆ የጠየቀው «ማን ያሠራጭ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «የመንግሥት የሚባለው ጣቢያ ተጠሪነቱ በተግባር ለማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን በወረቀት ላይ ተመልሶ በሥራ ላይ ሳይመለስ ቆይቷል። ተመልካቹን ወደ ውጭ ጣቢያ የገፋው በዋናነት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

1. የአንድ ጣቢያ ዘመን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮ የተቋቋመው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ በቴክኒክ በኩል የረዳው የእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ቴሌቪዥንም እንደ አየር መንገዱና እንደ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ገባ። ተመልካቹ ግን ጥቂት ነበር፤ መሣሪያው ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይደረስበት፣ ሥርጭቱም በዋና ከተማዪቱና በአካባቢዋ የተወሰነ ነበርና።

ያ ዘመን ከውጭ ድምፅ ነፃ ነበር ማለት ግን አይቻልም። የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ የአማርኛ ክፍል ሥራውን የጀመረው በዚያው በ1957 ዓ.ም. ነው። በሀገሪቱ ምድር ላይም የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው «የምሥራች ድምፅ» ሬዲዮ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ያሠራጭ ነበር። እንግዲህ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የውጭ አሠራጭን በመርሕ አልተቃወመም፤ ፈቃዱን ግን ከላይ የሚሰጥ ችሮታ አድርጎ ያዘው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ያንን ጣቢያ ሲወርስም ጉዳዩ በብሮድካስት ሕግ ሳይሆን በሥልጣን ተወሰነ። ፈቃድን ከመብት ይልቅ እንደ ችሮታ የማየቱ ልማድ ከዚህ ዘመን ይጀምራል፤ ወደፊትም ደጋግመን እናገኘዋለን።

2. ሁለት ረሃቦች፣ ሁለት ምስሎች

የመንግሥት ቴሌቪዥን ከውጭ ምስል ጋር የነበረውን ግንኙነት በግልጽ የሚያሳዩ ሁለት ታሪካዊ ድርጊቶች አሉ። ሁለቱም ከረሃብ ጋር የተያያዙ ናቸው።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረሃብ ቀርፆ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። የለንደን ተመልካች ያየውን የወሎ ሰቆቃ የአዲስ አበባ ተመልካች በራሱ ጣቢያ አላየውም። ያየው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ምሽት ነው። ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት የድግስና የድሎት ምስሎች ጋር አሰባጥሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ይህ ድርጊት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ አብዮቱ ሲወሳ ነው። ለቴሌቪዥን ታሪክ ግን የራሱ ትርጉም አለው። አንደኛ፣ የሀገር ውስጥ ጣቢያ ሊነግረው የሚገባውን የሀገር ውስጥ ጉዳይ የነገረው የውጭ ጋዜጠኛ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ምስል ወደ ሕዝቡ የደረሰው ሥልጣን የያዘው አካል ሲፈልገውና በፈለገው ቅንብር ብቻ ነው። ጣቢያው ትናንት እውነቱን የደበቀው በባለቤቱ ፈቃድ ነበር፤ ዛሬ የገለጠውም በአዲሱ ባለቤቱ ፈቃድ ሆነ። ባለቤቱ ቢለወጥም በጣቢያውና በባለቤቱ መካከል ያለው ግንኙነት አልተለወጠም።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ሁኔታው በሌላ መልክ ተደገመ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታ በታላቅ ድምቀት ተከበረ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ባለቀለም ሥርጭት የጀመረው ከዚሁ በዓል ጋር ተያይዞ ነው። በጥቅምት አጋማሽ፣ ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረፀው፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ የዘገበው ምስል ዓለምን አንቀጠቀጠ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሾች አስቀድሞ ጥሪ ማቅረቡ መዘንጋት የለበትም፤ መረጃው በመንግሥት እጅ ነበር። የሕዝቡ ጣቢያ ግን ቀለሙን የለበሰው ለበዓሉ ነው። ቴክኖሎጂ ማዘመንና ታማኝነት ማግኘት አንድ እንዳልሆኑ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

3. ሕጉ በሩ ላይ፣ ዲሹ ጣሪያው ላይ

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጣ፤ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶችም እንደ አሸን ፈሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ደነገገ። የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 5 ለዛሬው ርእሳችን ዐቢይ ነው፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ተማሪዎቼ ይህን ድንጋጌ በጥሞና እንዲያነብቡት እመክራለሁ። ስለ ግል ጣቢያም ሆነ ስለ ውጭ ጣቢያ አይናገርም፤ ግዴታውን የሚጥለው በመንግሥት ጣቢያ ላይ ነው።

የአየር ሞገዱ ግን ከኅትመቱ በኋላ ቀረ። የመጀመሪያው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 533 ደግሞ በ1999 ዓ.ም.። የግል ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች አየር ላይ የዋሉት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን የግል ቴሌቪዥን ከዚያም ዘገየ። አዋጅ ቁጥር 533 የብሮድካስት አገልግሎትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈለ። የፖለቲካ ድርጅቶች፣ የሃይማኖት ድርጅቶችና በውጭ ዜጎች ካፒታል የተቋቋሙ ድርጅቶች ፈቃድ እንዳያገኙ ከለከለ። «የሕዝብ» የሚለው ስያሜ በሕጉ የተሰጠው በመንግሥት በጀት ለሚተዳደርና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም ለክልል ምክር ቤት ተጠሪ ለሆነ ጣቢያ ነው። ስያሜው የተመሠረተው እንግዲህ በገንዘቡ ምንጭና በተጠሪነቱ መስመር ላይ ነው፤ ይዘቱ የሕዝቡን ልዩ ልዩ ድምፅ መያዙ በዚህ ትርጉም ውስጥ መለኪያ አልሆነም።

ሕጉ በዚህ መልክ የፈቃድን በር ሲጠብቅ እንግዳው በጣሪያ በኩል ገብቶ ነበር። በ1990ዎቹ የዐረብሳትና የናይልሳት ዲሾች በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጣሪያዎች ላይ ተተከሉ፤ የዐረብኛ ቻናሎችን ፊልም ቋንቋውን የማያውቅ ሁሉ ያየው ጀመር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በዲ ኤስ ቲቪ የሚያሳዩ ቤቶች በየሰፈሩ ተከፈቱ። መንግሥት ዲሽን ከነጭራሹ የመከልከል መንገድ አልመረጠም። መዝናኛ ነውና አያሰጋም የተባለ ይመስላል። የተዘነጋው ነገር ግን ዲሽ ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚመርጥ መሣሪያ አለመሆኑ ነው፤ ዛሬ እግር ኳስ የተቀበለበት ሳሕን ነገ ዜናም ይቀበልበታል።

እዚህ ላይ በ1997 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ግድ ይላል። ከግንቦቱ ምርጫ በፊት የገዥው ፓርቲና የተቃዋሚዎች መሪዎች በመንግሥት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ፊት ለፊት ተከራከሩ። በየቡና ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ ሰው መስኮቱን ትኩር ብሎ ያየው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንን ነበር። ዲሹ ያን ጊዜም በጣሪያው ላይ እንዳለ ነው፤ የውጭው ቻናልም አልጠፋም። ሆኖም ተመልካቹ የራሱ ጉዳይ በራሱ ጣቢያ ሲነገር ጊዜ ሳያባክን ተመለሰ። ከምርጫው በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ያ መድረክ ጠበበ፤ በዚያ ድምቀትም አልተደገመም። ለእኔ ይህ ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ነው፤ ተፎካካሪ በነበረበት ዘመን የመንግሥት ጣቢያ ተመልካቹን ማግኘት እንደሚችል ራሱ አሳይቷልና።

4. ከባሕር ማዶ የመጣው አማርኛና ኦሮምኛ

ቀጣዩ ለውጥ የመጣው ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ቻናሎች አይደለም። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መሠረቱን ያደረገው ኢ ቢ ኤስ በሳተላይት ወደ ኢትዮጵያ ማሠራጨት ጀመረ። በመዝናኛና በማኅበራዊ ዝግጅት ላይ ያተኮረ ነበርና ሳይነካ አደገ። በ2002 ዓ.ም. ኢሳት በአምስተርዳም፣ በዋሽንግተንና በለንደን ስቱዲዮዎች ሥራ ጀመረ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ፣ በተለምዶ ኦ ኤም ኤን የሚባለው፣ በሚኒያፖሊስ ተመሠረተ። እነዚህ ሁለቱ የፖለቲካ ዜናና ትንታኔ ይዘው መጡ።

የ«ውጭ ጣቢያ» ትርጉም ከዚህ ላይ ተናጋ። ጣቢያው ያለው በባሕር ማዶ ነው፤ ጋዜጠኛው፣ ቋንቋው፣ ጉዳዩና ተመልካቹ ግን የሀገር ውስጥ ናቸው። ቀድሞ ሀገሩን ለቆ የወጣ ሰው ድምፁ በስልክና በደብዳቤ ብቻ ይመለስ ነበር፤ አሁን በየምሽቱ ሳሎን ድረስ ገባ። አዋጅ ቁጥር 533 ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ በሀገር ውስጥ ፈቃድ ያልጠየቀን ጣቢያ ፈቃድ መንሣት አይቻልምና። ስለዚህ ፖሊሲው ከሕግ ወደ ኃይል ተሻገረ። ጣቢያዎቹ ሥርጭታቸው በተደጋጋሚ እንደሚታወክ አቤት ይሉ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በጥቅምት ወር የወጣው መመሪያ ደግሞ ኢሳትንና ኦ ኤም ኤንን መመልከትን ከለከለ።

ይህን መመሪያ በታሪክ ዐይን ስናየው አንድ ወሳኝ መሸጋገሪያ እናገኝበታለን። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ቁጥጥሩ የሚያርፈው በአሠራጩ ላይ ነበር፤ አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ በተመልካቹ ላይ አረፈ። አንድ መንግሥት ዜጋው በገዛ ቤቱ የሚያየውን ወደ መከልከል ሲደርስ የፈቃድ ሥርዐቱ መሥራት ማቆሙን ራሱ መሰከረ ማለት ነው። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ የፖለቲካው አየር ተለወጠ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. በሁለቱ ጣቢያዎች ላይ የነበረው ክስ ተነሣ፤ ጣቢያዎቹም ወደ አዲስ አበባ መጡ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተከሠተው ሁከት ወቅት ደግሞ የኦ ኤም ኤን የአዲስ አበባ ቢሮ ተዘጋ። መከፈቱም መዘጋቱም የፖለቲካውን አየር ተከትሎ መጣ። የችሮታው ልማድ አልሞተም ለማለት ያስደፍራል።

5. መዝናኛው፣ ሳተላይቱና አዲሱ አዋጅ

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች ሀገሮች ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየተካ በሳተላይት ማቅረብ ጀመረ። መሠረቱ በዱባይ የሆነው ሞቢ ግሩፕ በሽርክና የተሳተፈበት ጣቢያ ነበር። የሀገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃወሙት፤ ባህልን ይበርዛል፣ ገበያችንን ይወስዳል አሉ። የባህሉን ክርክር ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። የፖሊሲው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ተመልካቹ ቀድሞም የዐረብኛውን ቻናል ሳይገባው ያይ ነበር፤ ቃና ያደረገው ያንኑ ፍላጎት በሚሰማው ቋንቋ ማቅረብ ነው። ለዓመታት በመንግሥት ጣቢያ በኩል ለሀገርኛ ድራማ የሚሆን የተደላደለ የገንዘብና የሥርጭት ሥርዐት ቢኖር ኖሮ ባለሙያዎቹ ሙግታቸውን ከጠንካራ ቦታ ሆነው ባቀረቡት ነበር።

በዚሁ ጊዜ በርካታ የግል የሳተላይት ጣቢያዎች ተከፈቱ። ቀድሞ ኤጀንሲ የነበረው የመንግሥት ተቋም በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሆነ፤ መጠሪያው ከኢቲቪ ወደ ኢቢሲ፣ ኋላም ለቴሌቪዥኑ እንደገና ወደ ኢቲቪ ተመላለሰ። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር በመስማማት «ኢትዮሳት» የተሰኘውን የሥርጭት መድረክ አቋቋመ፤ ጣቢያዎቻችንም ከግብጹ ናይልሳት ወደዚያ ተዛወሩ። ርምጃው የራሱ በቂ ምክንያት ነበረው። የተመልካቹ መልስ ግን ትኩረት ይሻል። የሀገሩን ጣቢያዎች ለማየት ዲሹን አዞረ፤ የቀድሞውንም ላለማጣት ብዙው ሰው ሁለተኛ ሳሕን ጨመረ። ምርጫው በእጁ መሆኑን ያወቀ ተመልካች በአዋጅም በአቅጣጫም አይገደብም።

አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ተጠሪነት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አደረገ፤ ለሃይማኖት ተቋማት በሩን ከፈተ፤ የውጭ ባለሀብት ድርሻንም በ25 በመቶ ወስኖ ፈቀደ። እነዚህ ቀላል ለውጦች አይደሉም። የመዋቅሩ ለውጥ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ግን የሌላው ዓለም ተሞክሮ ያስተምራል። የሕንድ ተመልካች በ1983 ዓ.ም. በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት ሲ ኤን ኤንን በሳተላይት ካየ በኋላ የመንግሥቱ ጣቢያ ዶርዳርሻን ብቸኝነቱን አጣ። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ዓ.ም. የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው ሲል ወሰነ፤ ዶርዳርሻንም ፕራሳር ባራቲ በተሰኘ ኮርፖሬሽን ሥር ገባ። ሕጉ ነፃነትን ሰጠ፤ በጀቱ ግን በአብዛኛው ከመንግሥት የሚመጣ ሆኖ ቀጠለ፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ነፃነት በአዋጅ ቢጀመርም የሚፈተነው በበጀት፣ በሹመትና በየዕለቱ የዜና ውሳኔ መሆኑን ነው።

6. ማጠቃለያ

ንግግሬን በሦስት ነጥቦች ልደምድም።

የመጀመሪያው፣ የመንግሥት ቴሌቪዥን ከውጭ ድምፅ ጋር ያልኖረበት ዘመን የለም። ስለዚህ «የውድድር ዘመን» ብለን የምንጠራው ነገር ስፋቱ እንጂ መኖሩ አዲስ አይደለም። አሁን ደግሞ ዩቲዩብና የእጅ ስልክ ሳተላይቱን ራሱን አሮጌ እያደረጉት ነው።

ሁለተኛው፣ ገደብ ሁልጊዜ ከተመልካቹ ዘግይቶ ደርሷል። የፈቃድ ሕጉ ሲወጣ ዲሹ ተተክሎ ነበር፤ ክልከላው ሲመጣ ጣቢያው ተለምዶ ነበር። ቀድሞ መድረስ የሚቻለው በይዘት ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የሕዝብ ጣቢያ ከንግድ ጣቢያም ሆነ ከባሕር ማዶ ጣቢያ ይልቅ ሊሠራው የሚገባ ሥራ አለ። የንግድ ጣቢያ ማስታወቂያ ወደማይገኝበት ወረዳ ካሜራ ለመላክ አይቸኩልም፤ ተናጋሪው ጥቂት በሆነ ቋንቋም ዜና አያዘጋጅም። የባሕር ማዶ ጣቢያ ደግሞ ቦታው ላይ የለም። የወሎ ገበሬ ሁለት ጊዜ ታሪኩን በውጭ ሰው አፍ የሰማው ካሜራ ስለሌለ አልነበረም፤ የነበረው ካሜራ እንዲያይ ስላልተፈቀደለት ነው። ዜጋው የመንግሥት ጣቢያን በግብሩ ያኖረዋል፤ በምላሹም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የገባለት ቃል አለ። የፖሊሲ ጥናት ከእንግዲህ መለካት ያለበት ስንት ጣቢያ ተፈቀደ፣ ስንቱ ተዘጋ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ያ ቃል በየምሽቱ የሁለት ሰዓት ዜና ውስጥ ምን ያህል እንደተፈጸመ ነው። ይህ ሥራ ክምችቶችን መፈተሽ፣ ዜናዎችን መቁጠር፣ ማን እንደተናገረና ማን እንዳልተናገረ መመዝገብ ይጠይቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ሰፊ መስክ ነውና በርቱ እላለሁ።